ሕዝብ ሲታመም ሐኪሙ ማነው?

አንድ ሰው ሲታመም ወደ ሐኪም ይሄዳል። ሐኪሙም ምላሱን አይቶ፥ የልቡን ትርታ አዳምጦ፥ ደሙን አስመርምሮ ለበሽታው የሚስማማውን መድኃኒት ያዝለታል። አንድ ሕዝብ በሙሉ ሲታመምስ ወዴት ይሄዳል? የሕዝብን ትኩሳት የሚለካው፥ የሕዝብን የልብ ትርታ የሚያዳምጠው ማነው?

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሊቃውንት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የደከሙበት ቁም ነገር ነው። መልሱም የተገኘው ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ነው። ግማሹ ከሙታን መዝገብ፥ ግማሹ ደግሞ ማንም ካላሰበው ቦታ፥ ይኸውም ኮምፕዩተር ከሚሠራበት ከ«አዎን» እና ከ«አይደለም» ሒሳብ ተገኘ። ሁለቱ እንዴት እንደ ተገናኙና ለእያንዳንዳችን ምን እንደሚጠቅሙን በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ።

የተነቀለው እጀታ

በ1854 ኦገስት 31 ቀን ሎንዶን ውስጥ ሶሆ በሚባለው ሰፈር ኮሌራ በብርቱ ተነሣ። በሦስት ቀን ብቻ ብሮድ ስትሪት በሚባለው መንገድ አካባቢ 127 ሰዎች ሞቱ። በዚያን ዘመን አብዛኞቹ ሐኪሞች ኮሌራ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታና ከተበላሸ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ዶክቶር ጆን ስኖው ግን በሽታው የሚመጣው ከሚጠጣው ውሃ ነው ብሎ ጠረጠረ።

ጥርጣሬውን ለማስረዳት ምን አደረገ? ከመንግሥት የሞት መዝገብ የሟቾቹን ዝርዝር ወሰደ፤ ከዚያም ቤት ለቤት እየዞረ፥ «ሟቹ ከብሮድ ስትሪት ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ይጠጣ ነበርን?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ «አዎን» ወይም «አይደለም» ነው፤ ሌላ የለውም። በአቅራቢያው 535 ድሆች የሚኖሩበት መጠለያ ነበረ፤ የራሱ የውሃ ጉድጓድ ስለ ነበረው የሞቱት 5 ብቻ ናቸው። በዚያው መንገድ ላይ በሚገኘው የቢራ ፋብሪካ ይሠሩ ከነበሩት 70 ያህል ሰዎች መካከል ደግሞ አንድም አልሞተም፤ የሚጠጡት ቢራ ነበርና።

ስኖው ማስረጃውን ለሰፈሩ ሹማምንት አቀረበ። ሴፕቴምበር 8 ቀን የውሃው መሳቢያ እጀታ ተነቀለ። እርግጥ ወረርሽኙ ከዚያ በፊት መብረድ ጀምሮ ስለ ነበር፥ ሰፈሩን ያዳነው እጀታው ብቻ ነው ማለት አይቻልም። በጠቅላላው 616 ሰዎች አልቀዋል። ይሁን እንጂ ስኖው በዚህ ብቻ አላቆመም። ለአንድ የሎንዶን ክፍል ውሃ የሚያቀርቡትን ሁለት ኩባንያዎች አወዳደረ። አንደኛው ውሃውን የሚቀዳው የከተማው ቆሻሻ ከሚፈስበት ከቴምዝ ወንዝ ክፍል ሲሆን፥ ሁለተኛው ከከተማው በላይ ካለው ንጹሕ ክፍል ነበር። የፊተኛውን ውሃ ከሚጠጡ 10,000 ቤቶች 315 ሰዎች ሲሞቱ፥ የኋለኛውን ከሚጠጡ 10,000 ቤቶች የሞቱት 37 ብቻ ሆነው ተገኙ።

የኮሌራን ተሕዋስ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ በማስረጃ ለይቶ ለዓለም ያስታወቀው ከዚህ ሁሉ ሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ፥ በ1884 ነው። ስለዚህ ተሕዋሱ በሚገባ ከመታወቁ በፊት የመጣበትን መንገድ ያሳየው ቁጥር ነበር ማለት ነው።

የጫማ ሰፊው ልጅ

በዚያው በ1854 ስኖው ቤት ለቤት ሲዞር፥ በአየርላንድ በኮርክ ከተማ የሚያስተምር ጆርጅ ቡል የተባለ የሒሳብ ሊቅ የማሰብን ሕግጋት የሚመረምር መጽሐፍ አሳተመ። ቡል የጫማ ሰፊ ልጅ ነው። በ16 ዓመቱ የትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ ቤተሰቡን ይረዳ ጀመር፤ ከፍተኛውን ሒሳብም የተማረው ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ በግሉ እያነበበ ነው። የእኔም ሥራ ማስተማር ስለ ሆነ የዚህን ሰው ታሪክ ለተማሪዎቼ መተረክ ደስ ይለኛል።

የቡል ሐሳብ ሲነገር ቀላል ነው። እውነት የሆነውን ነገር ሁሉ 1፥ ሐሰት የሆነውን 0 ብለን ብንሰይም፥ ሰው የሚያስበውን በሒሳብ ማስላት ይቻላል አለ። ለዚህ የሚያስፈልጉት ሦስት ትንንሽ ቃላት ብቻ ናቸው፤ «እና»፥ «ወይም»፥ «አይደለም»። ለምሳሌ ያህል፥ «የደንብ ልብስ የለበሰ እና መታወቂያ የያዘ ተማሪ ይግባ» ቢባል፥ ሁለቱም መሟላት አለባቸው። «የታመመ ወይም ኀዘን የደረሰበት ተማሪ ይፈቀድለት» ቢባል ግን አንዱ ይበቃል።

በጊዜው ይህ ሒሳብ የሊቃውንት መጫወቻ ይመስል ነበር። ቡልም በ1864 በ49 ዓመቱ ሲሞት ለምን ሥራ እንደሚውል አላየም።

የተበሳው ካርድ

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ1880 በተደረገው የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ላይ የልደትና የሞት ጉዳይ ኃላፊ የነበረው ጆን ሾ ቢሊንግስ የተባለ የጦር ሠራዊት ሐኪም ነው። ጸሐፊዎቹ በሚሊዮን የሚቆጠር ወረቀት በእጃቸው እያገላበጡ ሲደክሙ አይቶ፥ «ይህንን የሚሠራ መኪና ሊኖር ይገባል» የሚለውን ሐሳብ ኸርማን ሆለሪዝ ለተባለ ወጣት ኢንጂነር አካፈለው።

ሆለሪዝም መኪናውን ሠራ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ ይዘጋጃል፤ በካርዱም ላይ ለጾታው፥ ለዕድሜውና ለመሳሰለው ሁሉ በየቦታው ቀዳዳ ይበሳል። ካርዱ ከመኪናው ሥር ሲገባ ብዙ መርፌዎች ይወርዱበታል። ቀዳዳ ባለበት ቦታ መርፌው አልፎ ከሥሩ ያለውን ባዜቃ ሲነካ የኤሌክትሪክ ኃይል ይተላለፍና ቆጣሪው አንድ ይጨምራል። ቀዳዳ በሌለበት ግን መርፌው በካርዱ ይታገዳል። ቀዳዳ ማለት «አዎን»፥ ድፍን ማለት «አይደለም» መሆኑ ነው።

ይህ መኪና በ1890 የአሜሪካን ሕዝብ፥ ከ62 ሚሊዮን በላይ ሰው ከመቁጠሩ በፊት ምን ሥራ ላይ እንደ ተሞከረ አንባቢ ቢያውቅ ሳይገረም አይቀርም። በ1887 በባልቲሞር ከተማ የሟቾችን መዝገብ ለመቁጠር ነበር። የሆለሪዝ ኩባንያ ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ በ1924 አይ.ቢ.ኤም. ተብሎ ተሰየመ። እንግዲህ የዛሬው ኮምፕዩተር የዘር ሐረግ ሲቆጠር አንዱ ቅድመ አያቱ የሙታን መዝገብ ነው ማለት ነው።

የቡል ሒሳብና የኤሌክትሪክ ሽቦ በግልጽ የተጋቡት ግን በ1937 ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይማር የነበረ የ21 ዓመት ወጣት ክሎድ ሻነን፥ ሁለት ማብሪያዎች ተከታትለው ሲቀጠሉ «እና»፥ ጎን ለጎን ሲቀጠሉ «ወይም» እንደሚሆኑ በመመረቂያ ጽሑፉ አስረዳ። ተማሪዎች ይህንን በባትሪ ድንጋይ፥ በትንሽ አምፑልና በሁለት ማብሪያ በቀላሉ ይሠሩታል። ተከታትለው ከተቀጠሉ አምፑሉ የሚበራው ሁለቱም ሲበሩ ብቻ ነው፤ ጎን ለጎን ከሆኑ ግን አንዱ ይበቃል። ኮምፕዩተር ምንም ያህል ረቂቅ ቢሆን፥ በሥሩ ያለው ይኸው የማብሪያ ጨዋታ በብዙ ሚሊዮን ተባዝቶ ነው።

ፊዚክስ የተማረው የጥርስ ሐኪም

ይህን የማብሪያ ጥበብ ወደ ሐኪም ቤት ካስገቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሮበርት ሌድሊ ይባላል። በ1926 ኒውዮርክ ተወለደ። ወጣት ሳለ ፍቅሩ ፊዚክስ ነበር፤ ወላጆቹ ግን በፊዚክስ እንጀራ አይበላም ብለው ስለ ሠጉ የጥርስ ሕክምና እንዲማር ገፋፉት። እርሱም ወላጆቹንም ልቡንም ሳያስቀይም ሁለቱንም ተማረ። በ1948 የጥርስ ሐኪም ሆነ፤ በ1950 ደግሞ በፊዚክስ ተመረቀ።

ከዚያ በኋላ ባለቤቱ በአሜሪካ የመለኪያዎች መሥሪያ ቤት ሲአክ በሚባለው ኮምፕዩተር ላይ ትሠራ ስለ ነበር፥ እርስዋ የምትጽፋቸውን የመኪና ትእዛዞች እያነበበ ጥበቡን ራሱን በራሱ አስተማረ። በ1960ም ዲጂታል ኮምፕዩተር እንዴት እንደሚነደፍ፥ ማብሪያዎቹ በቡል ሒሳብ እንዴት እንደሚሰደሩ የሚያስተምር ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ።

ታላቁ ሥራው ግን ሊ ላስቴድ ከተባለ የራጅ ሐኪም ጋር ሆኖ በጁላይ 1959 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ ነው። ጥያቄያቸው፥ ሐኪም በሽታን ለይቶ ሲያውቅ እንዴት ነው የሚያስበው? የሚል ነበር። አሳባቸውን በራሴ ምሳሌ ላስረዳ።

ሁለት በሽታዎች አሉ እንበል፤ «ሀ» እና «ለ»። ሁለት ምልክቶችም አሉ፤ ሳልና ሽፍታ። እያንዳንዳቸው ይኖራሉ ወይም አይኖሩም፤ ስለዚህ በሽተኛው በ16 ዓይነት ሁኔታ ሊገኝ ይችላል። የሕክምና ትምህርት ደግሞ እንዲህ ይላል እንበል፤ «ሀ» ያለበት ሁሉ ያስለዋል፤ «ለ» ያለበት ሁሉ ሽፍታ ይወጣበታል፤ የሚያስለው ወይም ሽፍታ ያለበት ሰው ቢያንስ ከሁለቱ በሽታዎች አንዱ አለበት። እነዚህ ሦስት ሕግጋት ከ16ቱ 10ሩን ይሰርዛሉ፤ 6 ብቻ ይቀራሉ። አሁን አንድ በሽተኛ መጣ፤ ያስለዋል፥ ሽፍታ ግን የለበትም። ሽፍታ ከሌለ «ለ» የለም፤ ሳል ካለ አንዱ በሽታ አለ፤ እንግዲያው በሽታው «ሀ» ብቻ ነው። ምልክቶቹ ሁለት ሳይሆኑ ሃያ ቢሆኑ ግን የምልክቶቹ መገጣጠሚያ ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። መኪና የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የብዙው ቁጥር ለአንዱ ሰው

ዳሩ ግን በሽታ ሁልጊዜ እንዲህ የተቆረጠ መልስ አይሰጥም። ያለ በሽታው የሚያስለው ሰው አለ፤ በሽታው እያለበት የማያስለውም አለ። ስለዚህ ሌድሊና ላስቴድ በ«አዎን» እና በ«አይደለም» ላይ ሁለተኛ መሣሪያ ጨመሩ። እርሱም ቶማስ ቤይዝ የተባለው እንግሊዛዊ ቄስ ያገኘውና ከሞተ በኋላ በ1763 የታተመለት የዕድል ሒሳብ ነው።

የዚህን ሒሳብ ምስጢር ለማስተዋል አንድ ምርመራ አለ ብለን እናስብ። ምርመራው በሽታ ካለባቸው 100 ሰዎች 90ውን በትክክል ያገኛል፤ ከጤነኞቹ 100 ሰዎች ግን 10ሩን በስሕተት «ታመዋል» ይላል። ይህንኑ ምርመራ መጀመሪያ በአንድ ደጋ አገር ለ1,000 ሰዎች እናድርግ፤ በሽታው ያለባቸው 10 ብቻ ናቸው እንበል። መኪናው ከ10ሩ 9ኙን ያገኛል፤ ከ990 ጤነኞች ደግሞ 99ኙን በስሕተት ይነካል። እንግዲህ «ታመሃል» ከተባሉት 108 ሰዎች በእውነት የታመሙት 9 ናቸው፤ ከ12ቱ አንዱ ማለት ነው። አሁን ወደ ቆላ እንውረድ፤ ከ1,000 ሰዎች 500ው ታመዋል እንበል። ምርመራው ከታመሙት 450ውን ያገኛል፤ ከጤነኞቹ 50ውን በስሕተት ይነካል። «ታመሃል» ከተባሉት 500 ሰዎች በእውነት የታመሙት 450 ይሆናሉ፤ ከዐሥሩ ዘጠኙ።

ምርመራው አንድ ነው፤ መልሱም አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ። ያራራቀውም በዚያ አገር ስንት ሰው ታሟል የሚለው ቁጥር ነው። አንባቢ ሆይ፥ የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የሕዝብ ቁጥር የሹማምንት መዝገብ ማሞቂያ ብቻ አይደለም፤ በሐኪሙ ጠረጴዛ ፊት በተቀመጠው በአንዱ በሽተኛ ፍርድ ውስጥ ይገባል። ያልተቆጠረ ሕመምና ያልተመዘገበ ሞት ነገ የሚታመመውን ሰው ሐኪም ያሳስተዋል።

ሁለቱ ጸሐፊዎች አንድ ሌላ ነገርም አልዘነጉም። መኪናው ዕድሉን ያሰላል እንጂ የትኛው ሕክምና ይሻላል የሚለው የዋጋ ጉዳይ ነው፤ ሕመምተኛው የሚከፍለው ሥቃይ፥ አደጋና ተስፋ መመዘን አለበት። ይህ የሰው ድርሻ ነው።

ሌድሊ በ1960 የኮምፕዩተርን ጥበብ ለሕክምና የሚያውል የምርምር ድርጅት አቋቋመ። በዚያም ማርጋሬት ዴይሆፍ የተባለች የኬሚስትሪ ሊቅ ከባልደረቦችዋ ጋር የ65 ፕሮቲኖችን አሠራር በአንድ መድበል አሰባስባ በ1965 አሳተመች፤ ዛሬ ሊቃውንት ለሚገለገሉባቸው ታላላቅ የፕሮቲን መዛግብት መነሻ ሆነ። የእንግሊዙ ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ በ1971 የራስ ቅልን ውስጥ በኮምፕዩተር የሚያሳይ የራጅ መኪና በሕመምተኛ ላይ ከሞከረ በኋላም፥ መላውን አካል የሚያሳየውን የመጀመሪያ መኪና የሠራው ሌድሊ ነው። በ1974 በዋሽንግተን በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመረ። ዛሬ በየሆስፒታሉ ሲቲ ስካን የምንለው ነው። ሌድሊ በ2012 ዐረፈ።

ከቡታጅራ እስከ አዲስ አበባ መቃብሮች

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስል፥ ወደ አገራችን እንመለስ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በቡታጅራ፥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ከ1986 ጀምሮ የገጠር ጤና ጥናት አቋቋመ። በተመረጡ ቀበሌዎች ያለው ሰው ሁሉ ተቆጠረ፤ ከዚያም ጠያቂዎች በየቤቱ እየዞሩ ማን ተወለደ፥ ማን ሞተ፥ ማን መጣ፥ ማን ሄደ እያሉ ይመዘግቡ ጀመር።

ከባዱ ጥያቄ፥ ሰውዬው በምን ሞተ? የሚለው ነበር። በገጠር ብዙ ሰው ሐኪም ሳያየው በቤቱ ይሞታል። ስለዚህ ጠያቂው ቤተሰቡን ያነጋግራል። ትኩሳት ነበረውን? ያስለው ነበርን? ከሦስት ሳምንት በላይ ቆየበትን? ከስቶ ነበርን? መልሱ እንደ ስኖው ዘመን «አዎን» ወይም «አይደለም» ነው። ፒተር ባያስ የተባለው የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ሊቅና ባልደረቦቹ እነዚህን መልሶች በቤይዝ ሒሳብ እያሰላ የሞትን ምክንያት የሚገምት የኮምፕዩተር ዘዴ አወጡ። ዘዴው በቡታጅራ ገጠር በሞቱ ሰዎች መዝገብ ላይ ተሞክሮ፥ ሐኪሞች ከሰጡት ፍርድ ጋር ተመዝኖ፥ ውጤቱ በ2006 በዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት ታተመ። ሌድሊና ላስቴድ ለሕያዋን ያሰቡት ሒሳብ፥ ማንም ሐኪም ላላያቸው ሙታን ምስክር ሆነ።

በአዲስ አበባ ደግሞ ከ2001 ጀምሮ በከተማው መቃብሮች የሚቀበሩት ሰዎች እየተመዘገቡ ይጠኑ ነበር። በዚያን ጊዜ የኤድስ በሽታ ወጣቱን እየጨረሰ ነበር፤ ብዙ ቤተሰብም ነውር መስሎት የሞቱን ምክንያት ይሸሽግ ነበር። በ2005 የኤድስ መድኃኒት በነፃ ይታደል ጀመር። መድኃኒቱ በእርግጥ ሕዝቡን አድኗልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ሐኪም ቤት ብቻ አልነበረም፤ የመቃብር መዝገብም ነበር። በ2009 የታተመው ጥናት በከተማው በኤድስ የሚሞተው ሰው መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ በብርቱ እንደ ቀነሰ በቁጥር አሳየ።

እንግዲህ የሕዝብ ሐኪም ማነው? መኪናው ነው እንዳንል፥ መኪናው የተነገረውን ይደምራል እንጂ ያልተነገረውን አያውቅም። ማብሪያዎቹ በብዙ ሚሊዮን ቢቆጠሩም፥ የመጀመሪያው «አዎን» ወይም «አይደለም» የሚወጣው ከአንዲት ልጅዋ ከሞተባት እናት አፍ ነው። እርስዋ አፍራ ወይም ፈርታ ሌላ ብትናገር፥ ስሕተቱን የሚያርመው ሒሳብ የለም።

አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ይህ ለአንድ ሰው የተነገረ ምክር ለሕዝብም ያገለግላል። በኢትዮጵያ የልደትና የሞት ምዝገባ ከ2016 ጀምሮ በሕግ ሥራ ላይ ውሏል። እድሮቻችንም የአባሎቻቸውን ሞት ከማንም ቀድመው የሚያውቁ ናቸው። ስለዚህ መዝጋቢው ደብተሩን ይዞ ደጃችንን ሲመታ፥ ወይም በኀዘናችን መካከል ስለ ሟቹ ሲጠይቀን፥ እንደ ነገረ ፈጅ አንየው። የሚጠይቀው ለሟቹ ምንም ላይጠቅመው ይችላል፤ በዚያው በሽታ ነገ አልጋ ላይ ለሚወድቀው ለጎረቤታችን ልጅ ግን ሐኪሙ የሚፈርደው በእኛ መልስ ነው።